ሰው በገመድ ስታወርዱ የፍሬኑ ገመድ ወዴት ይሂድ?

ጢስ ዓባይ ገደል አካባቢ በገመድ ማውረድ ለምትለማመዱ፦ ቲዩብ የሚባለው ቀላሉ የገመድ መቆጣጠሪያ ወገብ ላይ ሲታሰር ምንም አይለውም። ቋጥኝ ወይም ዛፍ ላይ አስራችሁት፣ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ስታወርዱ ግን ፍሬኑ ይከዳችኋል። ቲዩብ የሚይዘው ገመዱ ተጠማዞ ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። በእጃችሁ ያለው ጫፍ (የፍሬኑ ገመድ) ሸክሙ ወዳለበት አቅጣጫ ከሄደ ጥምዙ ይጠፋል፣ ገመዱም ይሾልካል።

መፍትሔው አንድ ተጨማሪ ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) ነው። ከቲዩቡ ኋላ፣ እዚያው ማሰሪያው ላይ ቆልፉት። የፍሬኑን ገመድ በእሱ አሳልፉና ወደ እናንተ መልሱት። አሁን ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ የሚወርደውን ሰው እያያችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ፍሬኑም ይይዛል።

ሙንተር ቋጠሮ (ያለ መሣሪያ፣ ገመዱን ካራቢነር ላይ ብቻ ጠምጥሞ የሚሠራ ፍሬን) ላይ ግን ይህን አታድርጉ! እሱ ተቃራኒ ነው፤ በደንብ የሚይዘው ሁለቱ ገመዶች ጎን ለጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ነው። ለድንገተኛ ጊዜ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ አንድ ጫፉ ሰፊ የሆነ፣ የሚቆለፍ ካራቢነር ብቻ ይበቃዋል። ገመድ ማጠማዘዙ ግን ያናድዳል። ስምንት ቁጥር የሚመስለው መውረጃም ያው አመል አለበት።

ተጎጂና አዳኝ አብረው የሚወርዱ ከሆነ ቲዩቡን ተዉት። እጅ ሲለቀው ራሱ የሚቆልፍ፣ ለሁለት ሰው ክብደት የተሠራ መውረጃ ያስፈልጋል። በላዩ የተጻፈው የገመድ ውፍረት ከገመዳችሁ ጋር መግጠሙን እዩ። በምንም መሣሪያ ቢሆን ፍሬኑ በኩል ፕሩሲክ (ገመዱ ላይ ተጠምጥሞ ሲጎተት የሚነክስ የቀጭን ገመድ ቋጠሮ) ይታሰር፤ በተለይ ክረምት ላይ፣ የፏፏቴው ርጭት ገመዱን ሲያረጥበው።