ስለ እንቁላል ነጭ ፕሮቲን ቅርጽ ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአቃቂ ቃሊቲና በኮዬ ፈጬ አካባቢ የምናስተምር የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መምህራን፣ እንቁላል በየሰፈሩ ሱቅ ስለሚገኝ፣ ስለ ፕሮቲን ስንናገር ምሳሌያችንን ብዙ ጊዜ ከእርሱ እንወስዳለን። ምርጫው መልካም ቢሆንም፣ ተማሪው የተሳሳተ ግንዛቤ ይዞ እንዳይሄድ መጠንቀቅ ያሻል።

የእንቁላሉን ነጭ እንደ አንድ ፕሮቲን መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው። አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ሲሆን፣ በውስጡ ካሉት በርካታ ፕሮቲኖች ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦቫልቡሚን ነው። በመጠን ከእርሱ እጅግ የሚያንሰው ሊሶዛይም የተባለው ፕሮቲን ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ለንደን ውስጥ ዴቪድ ፊሊፕስና ባልደረቦቹ በኤክስሬይ አማካይነት ባለሦስት አውታር መዋቅሩን ስላሳዩ፣ ቅርጹ የታወቀ የመጀመሪያው ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ለመሆን በቃ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ፕሮቲኑ የተሠራበትን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት በቅደም ተከተሉ ብቻ አስተምሮ ማለፍ ነው። ሊሶዛይም 129 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ 35ኛው ግሉታሚክ አሲድና 52ኛው አስፓርቲክ አሲድ በሰንሰለቱ ላይ ተራርቀው ሳሉ፣ ሰንሰለቱ ሲታጠፍ ግን በሞለኪዩሉ ጎን ባለው ጎድጓዳ ስንጥቅ ግራና ቀኝ ትይዩ ይሆናሉ። የባክቴሪያ ግድግዳ የስኳር ሰንሰለት እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የሚቆረጠው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ተማሪው በሽቦ ላይ ሁለቱን ቦታዎች በቀለም ምልክት አድርጎ፣ እስኪገናኙ ድረስ ሽቦውን ራሱ ቢያጥፍ፣ ከረጅም ገለጻ የተሻለ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

በመጻሕፍት የሚታየውን የጥብጣብ ሥዕልም የፕሮቲኑ እውነተኛ መልክ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። ጥብጣቡ የሚያሳየው የሰንሰለቱን አካሄድ ብቻ ነው፤ ባዶ የሚመስለው መካከለኛ ቦታ በአተሞች ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ ሲሆን፣ ከውሃ ጋር የማይስማሙት ክፍሎች በአብዛኛው ወደ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ሥዕሉ ቢረጋም ሞለኪዩሉ ራሱ ዘወትር ይንቀሳቀሳል።

እንቁላል ሲቀቀል ፕሮቲኑ ይሰባበራል ማለትም ትክክል አይደለም። አሚኖ አሲዶቹን ያያያዘው የፔፕታይድ ትስስር አይበጠስም፤ የሚላሉት የታጠፈውን ቅርጽ የያዙት ደካማ ትስስሮች ናቸው፤ የተዘረጉት ሰንሰለቶችም እርስ በርሳቸው ተያይዘው ነጩን ያረጉታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር በሚያልፈው አካባቢያችን ውሃ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ ሙከራው አይሠራም የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንጂ ኦቫልቡሚን በ80 ዲግሪ አካባቢ ስለሚዘረጋ፣ በክፍል ውስጥ በትንሽ ምድጃ ማሳየት ይቻላል።