የተባይ መከላከያ ድጋፍ ሲደለደል ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ገንዘቡ ወረዳ ሲደርስ ተምቹ የበቆሎው መሃል ውስጥ ገብቶ፣ አንበጣውም ክንፍ አውጥቶ ከጠበቀ፣ ሒሳቡ በደረሰኝ ቢዘጋም እህሉ አልዳነም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች የሚሠሩት ድልድሉ በሚጸድቅበት ስብሰባ ላይ ነው። ማሳ ላይ ከታዩ በኋላ የሚያርማቸው የለም።

ለሁሉም ወረዳ እኩል ማካፈል

ቅሬታ እንዳይነሳ ተብሎ ገንዘቡ ለወረዳዎች እኩል ይካፈላል፤ ወይም በታረሰ መሬት ስፋት ይመዘናል። ተባይ ግን የሚራባበትና የሚበላበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያል። የበረሃ አንበጣን እንውሰድ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በአፋርና በሶማሌ ክልል ቆላ ሲራባ ቆይቶ፣ በ2013 ጥቅምት መንጋው በራያና በወሎ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ አረፈ። ኩብኩባው፣ ማለትም ክንፍ ያላወጣው የአንበጣ ልጅ፣ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ 5 ሳምንት ገደማ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ በመኪናና በእጅ መርጫ ይደረስበታል። ከበረረ በኋላ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ፣ በአንድ ቀንም የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ሊበላ ይችላል። እዚያ ከደረሰ የሚያዋጣው አውሮፕላን ነው፤ ወጪውም ሌላ ነው።

ስለዚህ ሰብል እምብዛም የሌለበት የአርብቶ አደር ወረዳ ከሰብል አምራቹ የበለጠ ድርሻ ሊያገኝ ይገባል። ይህን የደጋ ተወካዮች ባሉበት ማስረዳት ከባድ ነው፤ ግን የደጋውን እህል የሚያድነው እሱ ነው። ድልድሉ በሦስት ጥያቄ ይመዘን፦ ተባዩ የት ይራባል? በየትኛው ዕድሜው ላይ ይደረስበታል? እዚያ የሚደርስ ሰውና መኪና አለ ወይ?

ገንዘቡን በበጀት ዓመት አቆጣጠር መልቀቅ

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ገንዘቡ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ሲወርድ፣ ከዚያም ጨረታ ሲወጣ መስከረም ይደርሳል። በግንቦትና በሰኔ የተዘራ በቆሎ ደግሞ ለመጤው ተምች በጣም የሚጋለጠው በሰኔና በሐምሌ፣ ገና ለጋ ሳለ ነው።

ይህ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባ ሲሆን የእሳት እራቷ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ትችላለች። እንቁላሉ በሞቃት አየር ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈለፈላል፤ ትሉ 6 የዕድገት እርከን አለው። እስከ ሦስተኛው እርከን ድረስ ኬሚካልም ሆነ በእጅ መልቀም ይሠራል። ከዚያ በኋላ ባልተገለጠው የመሃል ቅጠል ውስጥ ይቀበራል፤ መግቢያውንም የመጋዝ ብናኝ በመሰለ ኩሱ ይደፍነዋል። በዚያን ጊዜ የሚረጨው መድኃኒት ትሉ ጋ አይደርስም። ከተፈለፈለ እስከዚህ ድረስ ያለው ጊዜ በሙቅ አካባቢ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ለዚህ ሳምንት የሚደርስ ጨረታ የለም።

መፍትሔው ከድጋፉ የተወሰነውን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ወረዳ ላይ ማስቀመጥና መቼ እንደሚለቀቅ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ነው። ለምሳሌ በማሳው 5 ቦታ ላይ 20፣ 20 ተክል ይታያል። በቆሎው ከጉልበት በታች ሳለ ከ100ው 20ው ከተጠቃ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሌላ ደብዳቤ ሳይጠብቅ ያወጣል። የማዕቀፍ ግዥ ውልም (ዋጋውና አቅራቢው አስቀድሞ ተወስኖ ዕቃው በሚያስፈልግበት ጊዜ የሚታዘዝበት ውል) በክረምት ሳይሆን በበጋ ይፈረም።

አብዛኛውን ብር ለኬሚካል ማዋል

ኬሚካል በቀላሉ ይገዛል፤ ፎቶም ይነሳል። መርጫው ግን ይረሳል። 500 ሄክታር በ7 ቀን መሸፈን ካለበትና አንድ ሰው በጀርባ በሚታዘል መርጫ በቀን 1 ሄክታር ከረጨ 72 የሚሠራ መርጫ ያስፈልጋል። ለሄክታር 200 ሊትር ውሃ ከተባለ ባለ 16 ሊትሩ መርጫ 12 ጊዜ ተኩል ይሞላል፤ ውሃውን ማን ያመላልሳል? የመርጫው ማሸጊያ ጎማ ሲያረጅ መድኃኒቱ በረጪው ጀርባ ላይ ይንጠባጠባል። ጎማው ርካሽ ዕቃ ነው፤ በበጀት ሰንጠረዡ ላይ መስመር ስለሌለው ብቻ ሳይገዛ ይቀራል።

ሌላው ጥፋት የማይሆን ዝግጅት መግዛት ነው። ለአንበጣ የሚሆነው በዘይት የተዘጋጀ መድኃኒት ለሄክታር ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ብቻ፣ ውሃ ሳይቀላቀል፣ በልዩ መርጫ የሚረጭ ነው። ይህ መርጫ ለሌለው ወረዳ ቢላክ መጋዘን ከመሙላት አያልፍም። የብዙዎቹ ኬሚካሎች የአገልግሎት ዘመን 2 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለማስወገድ ሌላ ወጪ ይመጣል። ኢትዮጵያ ጊዜ ያለፈበትን ክምችት በመርከብ ወደ ውጭ ልካ እስከማስወገድ የደረሰችበት ታሪክ አላት።

ለመነሻ የምንመክረው ይህን ነው፦ ለኬሚካል ከ40 ከመቶ አይብለጥ፤ ለአሰሳ፣ ለሥልጠናና ለነዳጅ 25፤ ለጓንት፣ ለጭምብል፣ ለቦቲና ለመለዋወጫ 15፤ ለድንገተኛ 15፤ ባዶ ዕቃ ሦስት ጊዜ ለማጠብ፣ ለመብሳትና ለመሰብሰብ 5። የተባዩ ዓይነት ቁጥሮቹን ይቀይራቸዋል። ባዶ ጀሪካን ውሃ መቅጃ ሆኖ እንዳይቀር የተያዘው 5 ከመቶ ግን መነካት የለበትም።

ጎረቤቶችን በተናጠል መደገፍ

ግሪሳ ወፍ በአንድ ወረዳ ያድራል፤ በሌላው ይበላል። አንዱ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ስለሚያጠፋ 1 ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በቀን 100 ኩንታል ያወድማል። ለሚበላበት ወረዳ የተሰጠ ገንዘብ ማደሪያው ካልተረጨ ወፍ ከማባረር አያልፍም። እንዲህ ላለው ተባይ ገንዘቡ ለሁለቱ በአንድ ዕቅድና በአንድ ተጠሪ ይሰጥ። ከርጭቱ በፊት ንብ አናቢዎች ቀፏቸውን እንዲዘጉ ወይም እንዲያነሱ የሚነገርበት ቀንም በዚያው ዕቅድ ይጻፍ።

ሊትርና ሄክታር ቆጥሮ ውጤት ማለት

“600 ሊትር ተረጨ” የሚለው ሪፖርት ትሉ ስለ መሞቱ አይናገርም። ከርጭቱ በፊትና ከ48 ሰዓት በኋላ በዚያው ማሳ፣ በዚያው 100 ተክል ላይ ያለው ሕያው ትል ይቆጠር። ሁለተኛው የድጋፍ ክፍያ ቆጠራውና የርጭቱ ሰዓት በሚሞላበት ቅጽ ላይ ይታሰር። ቁጥሩ ካልቀነሰ መድኃኒቱ፣ መጠኑ ወይም ሰዓቱ ተሳስቷል፤ ቀትር ላይ የተረጨ እንደሆነም ከቅጹ ይታወቃል።

በጥሩ እንግሊዝኛ ለተጻፈ ማመልከቻ ማድላት

አማካሪ መቅጠር የማይችል ሩቅ ወረዳ ይወድቃል፤ ተባዩ ግን እዚያው ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ወይም በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ሁለት ገጽ ቅጽ፣ ካርታና የአሰሳ ቁጥር ይበቃል።

ወጥመድ ገዝቶ ማማለያውን መርሳት

የእሳት እራት ወጥመድ ውስጥ ያለው ማማለያ፣ ማለትም እራቱን በሽታው የሚስበው ነገር፣ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ መቀየር አለበት። በጀቱ ወጥመዱን ብቻ ከያዘ በሁለተኛው ወር ባዶ ወጥመድ ይታያል፤ “ተባይ የለም” ተብሎም ይጻፋል። ለአንድ የምርት ወቅት በወጥመድ ቢያንስ 3 ማማለያ፣ በየሳምንቱም ወጥመዱን ለሚቆጥረው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሞባይል ካርድ ይያዝ።