የሩቁ ሰንጠረዥ ከተገናኘ በኋላ ኩዌሪው ለምን ተጎተተ?

እኛ ጋ ያለውን የደንበኞች ሰንጠረዥ ሌላ ሰርቨር ላይ ካለ የትዕዛዞች ሰንጠረዥ ጋር በፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው) ማገናኘት ነበረብኝ። ማገናኘቱ ራሱ ቀላል ነው፦ ፖስትግሬስ ኤፍዲደብሊው የሚባለውን፣ ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ ሰንጠረዥ እዚህ እንዳለ ሆኖ እንዲነበብ የሚያደርገውን ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) መጫን፣ የሩቁን ሰርቨር አድራሻና ፖርት ማስመዝገብ፣ ዩዘርና ፓስወርድ ማያያዝ፣ ከዚያ ሰንጠረዡን ኢምፖርት ማድረግ። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካላችሁ፣ ፖስትግሬስ በዲፎልት የሚያዳምጠው ሎካልሆስትን (ራሱ ያለበትን ማሽን) ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ።

የእኔ ራስ ምታት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያለፈውን አንድ ቀን ትዕዛዝ ብቻ በኩዌሪ (ለዳታቤዙ በሚላክ ጥያቄ) ስጠይቅ ደቂቃዎች ይፈጃል። ሰንጠረዡ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) አለው፤ እዚያው ሰርቨር ላይ ገብቼ ሳስኬደው ወዲያው ይመልሳል። ኔትወርኩን ረገምኩ። በአንድ ዙር የሚመጣውን የረድፍ ብዛት ከ100 ወደ 10000 ከፍ አደረግሁ፤ ትንሽ ፈጠነ እንጂ አልዳነም።

ነገሩ የገባኝ ኩዌሪውን በኤክስፕሌይን ቨርቦስ (ፖስትግሬስ ኩዌሪውን እንዴት እንደሚያስኬደው በሚያሳየው ኮማንድ) ሳየው ነው። ወደ ሩቁ ሰርቨር የሚላከውን በሚያሳየው «ሪሞት ኤስኪውኤል» በሚለው መስመር ላይ ዌር (ማጣሪያው) የሚባል ነገር የለም! ለካ ሰንጠረዡ በሙሉ ወደ እኛ ከተጋዘ በኋላ ነው የሚጣራው። ጥፋተኛው ያለፈውን ቀን ለማስላት የተጠቀምኩበት፣ የአሁኑን ሰዓት የሚሰጠው ናው የሚለው ፈንክሽን ነበር። ውጤቱ እንደ ጊዜው ስለሚለዋወጥ ፖስትግሬስ ወደ ሩቁ ሰርቨር አይልከውም። የሁለቱ ሰዓት ላይገጥም ይችላልና፣ ሲያስቡት እውነቱን ነው። ቀኑን በአፕሊኬሽኑ ኮድ አስልቼ እንደ ቋሚ እሴት ስሰጠው ማጣሪያው እዚያው ተሠራ፤ መልሱም ከአንድ ሰከንድ በታች መጣ።

ደግሞ አውቶቫኪዩም (የፖስትግሬስ አውቶማቲክ ጥገና) ለሩቅ ሰንጠረዥ አናላይዝ (ኩዌሪ ለማቀድ የሚረዳ ስታቲስቲክስ የሚሰበስበውን ኮማንድ) አያስኬድም፤ በእጅ ማስኬድ የእናንተ ሥራ ነው።