ኤሊን ከአዲስ ቤቷ ጋር ማላመድ

ኤሊዋ ከመግባቷ በፊት ቤቷ ያለቀለት ይሁን። መብራቱ በርቶ፣ ሙቀቱ ተለክቶ ይደር። እሷን ውስጥ አስቀምጦ አናቷ ላይ ዕቃ ማንኳኳት ጭንቀት ብቻ ነው የሚያተርፈው።

በአንዱ ጫፍ የሚያሞቅ አምፖል ስቀሉ፤ ከሥሩ 32–35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ፣ ሌላኛው ጫፍ ግን ቀዝቀዝ ይበል፣ 22 ገደማ (እንደ ዝርያዋ ትንሽ ይለያያል)። ኤሊ ሙቀቷን የምትቆጣጠረው ወዲያና ወዲህ እየሄደች ስለሆነ፣ ሳጥኑ ሁሉ እኩል ከሞቀ መሸሻ አጣች ማለት ነው። በቀን 12 ሰዓት ያህል የዩቪቢ (በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ፣ ለዓይን የማይታይ ጨረር) መብራትም ያስፈልጋታል። ያለሱ ቫይታሚን ዲ3 በበቂ አታመርትም፣ ካልሲየም አይዋሃዳትም፣ ቅርፊቷም እየለሰለሰ ይሄዳል። «መስኮት አጠገብ ናት እኮ!» አትበሉኝ፤ ዩቪቢን የመስኮት መስታወት ያስቀረዋል።

ግድግዳው መስታወት ከሆነ የታችኛውን ክፍል በወረቀት ሸፍኑት፤ አለዚያ መውጫ መስሏት ስትገፋው ትውላለች። አፈሩ ለመቆፈር የሚበቃ ጥልቀት ይኑረው። መደበቂያም አይቅር።

ከዚያ በኋላ ተዉአት! ለመጀመሪያው ሳምንት ማንሳት፣ ለጎረቤት ማሳየት፣ ፎቶ ማንሳት ይቅር። ምግቧን አስቀምጣችሁ ዞር በሉ። አልፎ አልፎ ጥልቀት በሌለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ብታቆዩአት ውሃ ትጠጣለች፣ ሆዷም ይፍታታል። ጥቂት ቀን ባትበላ አትደንግጡ። ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ወይም አይኗ ካበጠ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት።