ሲስተሙ ደህና ሆኖ ሥራው ሲቆም፦ ለጤና ጣቢያ ባልደረቦች ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ይህን ቃል ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ ነው የምሰማው። የካርድ ክፍልና የሪፖርት ኮምፒውተሮችን እጠግናለሁ፣ ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። ተጠርቼ ስደርስ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ደህና ነው፣ ኔትወርኩም አለ። ችግሩ ያለው ማሽኑና የሰዉ አሠራር በሚገናኙበት ቦታ ነው። እዚያ ጋ ምን እንደሚፈጠር በደንብ ያጠኑት ደግሞ ሶሺዮሎጂስቶች፣ አንትሮፖሎጂስቶችና የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ናቸው። ሥራዬን ያቀለለልኝ የእነሱ ጥናት ስለሆነ እዚህ ላካፍላችሁ።

ምልክት፦ የነባር ታካሚ ካርድ አይገኝም፤ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ካርድ አለው

አንድ ጠዋት ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ ሥራ እያየሁ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመዋል። «አቦ ልጄ፣ ባለፈው ወር እኮ እዚሁ ነው የታየው» ይላሉ። ሠራተኛዋ «መሀመድ አህመድ» ብላ ፈለገች። የለም። ባለፈው ወር የመዘገበው ሌላ ተረኛ ነበር፤ የጻፈውም «መሐመድ አሕመድ» ብሎ ነው። ለጆሮ አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ነው። ወረፋው በሩን አልፎ ግቢ ደርሷል። ሠራተኛዋ አዲስ ካርድ አወጣችላቸው። ልጁ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው ግን አሮጌው ላይ ነበር። ደግነቱ እናትየው ራሳቸው አስታውሰው ለሲስተሯ ነገሯት።

መንስኤው የሠራተኛዋ ግዴለሽነት አይደለም። ፊደላችን ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አለው። በላቲን ሲጻፍማ መሐመድ ስንት ዓይነት ይሆናል! በዚያ ላይ ፕሮግራሙ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው አገር ነው። እኛ ጋ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለው፤ ድሬና ሐረር ውስጥ ደግሞ ሦስቱም ስም የገጠመላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ወረፋው ሲረዝም አዲስ ካርድ ማውጣት አሮጌውን ከመፈለግ ይፈጥናል። ስለዚህ የማንም እጅ ወደ አዲሱ ይሄዳል።

ሮስ ኮፐል የተባለ አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ሆስፒታል መድኃኒት በኮምፒውተር ሲያዝ እንዴት እንደሚሠራ አጥንቶ ነበር። ጥናቱ የወጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ስህተት ይቀንሳል ተብሎ የመጣው ሲስተም ራሱ ለስህተት በር የሚከፍትባቸው 22 መንገዶች ተገኙ። ከመካከላቸው በቀላሉ የሌላ በሽተኛ ፋይል መክፈት ይገኝበታል። ይህን ሁሉ ያገኙት ሐኪሞችንና ነርሶችን በሥራ ላይ ተከትለው በማየት፣ በማነጋገርና በመጠይቅ ነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ካርድ ክፍል ቁጭ በሉና እዩ። ከዚያ በስም ብቻ መፈለግ ይቅር፤ የእናት ስም፣ ስልክና ቀበሌ ይጨመር። ፕሮግራሙን የሚያስተካክል ባለሙያ ካላችሁ ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ ፊደል እንዲቆጥር አድርጉት፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ባለሙያ ከሌለ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ተሰብስበው የተለመዱትን ስሞች በአንድ አጻጻፍ ይስማሙባቸውና ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ይህን ያየሁበት ቦታ ሠርቷል፣ ምክንያቱም ዝርዝሩን ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

ምልክት፦ ግማሹ ታካሚ 30፣ 35 ወይም 40 ዓመቱ ነው

ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ሲከማች የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ወዲያው ያውቁታል። ሰው ዕድሜውን ሳያውቅ ሲጠየቅ የሚሰጠው ቁጥር ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ የልደት ቀን ካልሞላችሁ አላሳልፍም ሲል ደግሞ መዝጋቢው መስከረም 1ን ይሞላል። በጳጉሜን የተወለደም አለ፤ ፕሮግራሙ 12 ወር ብቻ ካወቀ ልጁን ወደ ነሐሴ ይወስደዋል።

መፍትሄው ከቤት ለቤት ቆጠራ የተወሰደ ነው፦ በአካባቢ ክስተት መጠየቅ። ድሬ ውስጥ ማንም የማይረሳው የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ አለ። «ጎርፉ ሲመጣ ልጅሽ ይሄድ ነበር ወይስ ገና ታዝዪው ነበር?» በሏት። መልሱ ከ«እንጃ» በጣም ይሻላል። ቀኑ በግምት ከሆነም «ግምት» የሚል ምልክት ይኑረው።

ምልክት፦ የቀጠሮ መልእክት ይላካል፣ ሰው አይመጣም

መልእክቱ «8:00» ይላል። ላኪው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያሰበው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። እናቲቱ ስምንት ሰዓት ብላ በጠራራ ፀሐይ ትመጣለች፣ ክሊኒኩ ተዘግቷል። ይህኛው ቀላል ነው፦ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብላችሁ በቃል ጻፉት፣ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር።

የሚከብደው ስልኩ የማን ነው የሚለው ነው። በብዙ ቤት አንድ ስልክ ነው ያለው፣ እሱም ባልየው ኪስ ውስጥ ገበያ ይውላል። ከገጠር፣ ከጀልዴሳ፣ ለመጣች አማርኛ ለማታውቅ እናት በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ምን ያደርግላታል? ከሁሉም የሚያሳስበኝ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ነገር ነው። የክፍሉ ስም የተጻፈበት አንድ መልእክት ሰውየው ለዓመታት የጠበቀውን ምስጢር በአንድ ቀን ሊያወጣበት ይችላል። ስለዚህ ስትመዘግቡ ቁጥሩን ብቻ አትጠይቁ። «ይህን ስልክ ማን ያነሳዋል? በየትኛው ቋንቋ ይሻልሻል? መልእክት ብንልክ ችግር አለው?» በሉ። መልእክቱ ውስጥ የክፍልም የበሽታም ስም አይግባ። ማንበብ ለማይችሉ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ደውሎ መንገር ይሻላል።

ምልክት፦ ነርሷ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፣ ኮምፒውተሩ አቧራ ይጠጣል

ሥልጠና ጨምሩ ይባላል። ግን ሲስተሯ መጠቀም ታውቃለች። የሁለት ሰው ሥራ ስለሆነባት ነው። በሽተኛ ፊት መዝገብ ትሞላለች፣ አርብ ከሰዓት የሳምንቱን ጠቅልላ ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። መብራት ሲጠፋ የሚያድናት መዝገቡ ነው፤ ሱፐርቪዥን ሲመጣም የሚጠየቀው መዝገቡ ነው። ፍሬድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ በ1989 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ሰው አንድን ቴክኖሎጂ የሚጠቀመው ለሥራዬ ይረባኛል፣ አያስቸግረኝም ብሎ ሲያምን ነው። ከዚያም በፊት፣ በ1951 እ.ኤ.አ.፣ ተመራማሪው ኤሪክ ትሪስትና የቀድሞው ማዕድን ቆፋሪ ኬን ባምፎርዝ የእንግሊዝን የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች አጥንተው ነበር። አዲሱ የማሽን አሠራር ተረዳድተው የሚሠሩትን ትንንሽ ቡድኖች ሲበትን የተጠበቀው ምርት አልመጣም።

ስለዚህ ከኃላፊው ጋር ተነጋግራችሁ ከድርቡ መዝገብ አንዱን አስቀሩ። ለነርሷም ከኮምፒውተሩ የምታገኘው ነገር ይኑር። ቀጠሮ ያለፋቸው እርጉዞች ዝርዝር በየጠዋቱ ታትሞ ጠረጴዛዋ ላይ ሲቀመጥ ጽሑፉ ለምን እንደሚያስፈልግ ራሷ ታየዋለች።

ምልክት፦ ሪፖርቱ በጣም ያምራል

በየወሩ ዕቅዱ 98፣ 100፣ 101 በመቶ ከተሳካ አትደሰቱ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዶናልድ ካምቤል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ነገር ጽፎታል፦ ቁጥር መወሰኛ ሲሆን ቁጥሩም የሚለካው ሥራም መበላሸት ይጀምራል። ዝቅ ያለ ቁጥር ያመጣ በስብሰባ ላይ ከተወቀሰ በሚቀጥለው ወር ዝቅ ያለ ቁጥር አይመጣም። ሪፖርቱ የሚገባበት ሲስተም፣ ዲ ኤች አይ ኤስ ቱ፣ የገባለትን ነው የሚያሳየው።

በወሩ መጨረሻ 12 ቁጥሮችን በዕጣ ምረጡና ሪፖርቱን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ልዩነት ስታገኙ «ማነው?» ከማለት «እንዴት ሆነ?» በሉ። በአንድ ስብሰባ የክትባት ቁጥሯ የወረደ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማንም ሳይቆጣት ምክንያቱን ተጠየቀች። ቤተሰቦቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ለውኃ ሄደዋል አለች። የክትባቱ ቀን ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ በየወሩ ሙሉ ቁጥር ስትልክ ነበር።

ምልክት፦ ታካሚዎች «ሐኪሙ አላየኝም» ይላሉ

ሐኪሙ አይቷል፣ ግን ኮምፒውተሩ ግድግዳ ጋ ስለሆነ ጀርባውን ሰጥቶ እየጻፈ ነው። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲናገር ጀርባ መስጠት ነውር ነው፤ አባባ ደግሞ ቅር ሲላቸው ዝም ይላሉ እንጂ የሚያማቸውን ሁሉ አይናገሩም። ጠረጴዛውን አዙሩት፣ ሐኪሙና ታካሚው እንዲተያዩ፣ ኮምፒውተሩም ለሁለቱም እንዲታይ። ኬብሉ ካጠረ ማራዘሚያ ግዙ።