በስልክ የምትነዳ መኪና ልትሠሩ ነው? ከባትሪው ጀምሩ

የመጀመሪያዋ መኪናዬ ሁለት ሜትር ያህል ሄዳ ቀጥ አለች። ሁለት ምሽት ኮዱ ላይ ተጥጄ አመሸሁ፤ ጥፋቱ ለካ ባትሪው ነው። ያሰርኩላት ያቺን አራት ማዕዘን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነበር። ቮልቱ አያንስም፤ ሞተሮቹ ሲነሡ የሚስቡትን ከረንት ግን አትችለውም። ቮልቱ ያሽቆለቁላል፣ አርዱዪኖው (ኮዱ የሚጫንበት፣ መኪናዋን የሚያዘው ትንሽ ሰሌዳ) ድርግም ብሎ እንደገና ይነሣል፣ ብሉቱዙም ይቋረጣል።

አሁን የምጠቀመው ሁለት 18650 የሚባሉ ቻርጅ የሚደረጉ የሊትየም ባትሪዎችን ነው። በተከታታይ ሲያያዙ 7.4 ቮልት፣ ጢም ሲሉ 8.4 ይሰጣሉ። ትርፉ ያስፈልጋል፤ ሞተሮቹን የሚያዘው ኤል298ኤን ድራይቨር 2 ቮልት ያህል ለራሱ ይበላል፣ ከ3 እስከ 6 ቮልት ለሚፈልጉት ቢጫ ባለጊር ሞተሮች የሚደርሳቸው የተረፈው ነው። በአራት ተራ ባትሪ ድንጋይ ሞክሬያለሁ፤ እየተጎተተች ትሄዳለች። ሊትየም ግን ቀልድ አያውቅም። ጫፎቹ ከተነካኩ እሳት ያነሣል። ፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አስገቡ፣ ሽቦ በነካካችሁ ቁጥር ባትሪውን አውጡ።

ለአካሏ ካርቶን አትጠቀሙ፣ ይጎብጣል። የእኔ የፕላስቲክ ዕቃ ክዳን ነው። ሁለቱ ሞተሮች ከኋላ፣ በየአቅጣጫው የሚዞር ትንሽ ጎማ ከፊት። ባትሪው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ይቀመጥ፤ እኔ ከፊት አድርጌው ጎማዎቹ ለስላሳ ወለል ላይ ባሉበት ይሽከረከሩ ነበር።

ሌላ ነገር ከማያያዛችሁ በፊት እያንዳንዱን ሞተር በአንድ ባትሪ ብቻ አዙሩት። ካልዞረ ኮድ አያድነውም።

ከዚያ ሽቦው። ሞተሮቹ በድራይቨሩ ግራና ቀኝ መውጫዎች ይገባሉ፣ ባትሪው 12 ቮልት በሚለው። የድራይቨሩ 5 ቮልት መውጫ ለአርዱዪኖው 5 ቮልት ፒን (የሽቦ መሰኪያ) ይበቃል። የድራይቨሩን የትእዛዝ መግቢያዎች፣ ኢን1 እስከ ኢን4፣ ከአርዱዪኖው ፒን 7 እስከ 10 አያይዙ፤ ለፍጥነት ደግሞ ኤንኤና ኤንቢ የሚሉት ላይ ያሉትን ትንንሽ ቆቦች አንሥታችሁ ከ5ና ከ6። የባትሪው፣ የድራይቨሩ፣ የአርዱዪኖውና የብሉቱዙ ግራውንድ (የኔጌቲቩ መስመር) አንድ ላይ ካልተያያዘ መኪናዋ እንደ ዛር እንግዳ እየተንቀጠቀጠች ትቆማለች። ሁለተኛዋ መኪናዬ የሞተችው በዚህ ነው።

ብሉቱዙ ኤችሲ-05 ነው፤ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ይግባባል፣ ከአይፎን ጋር አይሆንም። የይለፍ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 1234 ወይም 0000፣ ኮዱ ውስጥ የምትጽፉት የመነጋገሪያ ፍጥነቱ 9600። ብዙ ሰው ከፒን 0ና 1 ጋር ያያይዘውና ኮዱ አልጫን ሲል ይናደዳል፤ በእነዚያ ፒኖች ኮምፒውተሩም ይነጋገራል። 2ና 3 ላይ አድርጉት። መቀበያ እግሩ 3.3 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ ከፒን 3 ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከእግሩ ወደ ግራውንድ ደግሞ ባለ 2 ኪሎ ኦም ጣልቃ አስገቡ።

ኮዱ አጭር ነው። ስልኩ አንድ ፊደል ይልካል፣ መኪናዋ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ግራ ወይም ቀኝ ትላለች። ለመዞር አንዱ ጎማ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ይዙር። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ለግማሽ ሰከንድ ፊደል ካልደረሳት በራሷ ትቁም። ስልኬ ቻርጅ ጨርሶ ሲጠፋ የመጨረሻ ትእዛዟ «ወደ ፊት» ስለነበር ደረጃውን ተንከባላ ወረደች። አፑ ቁልፉ እስከተጫነ ድረስ ፊደሉን የሚደጋግም ይሁን።

ቀጥ ብላ ካልሄደች አትደንግጡ፤ ሁለት ሞተር እኩል አይሆንም። ኮዱ ውስጥ ፍጥነት ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይሰጣል፤ የእኔ ግራው 180፣ ቀኙ 200 ላይ ነው። ባትሪው ሲደክም አሁንም ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች፤ በመሪ እያረምኩ እነዳታለሁ።