ሐምሌ ከመግባቱ በፊት፦ በግል ሥራ የሚተዳደር ሰው ግብር ላይ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ በጀልባ፣ በባጃጅ፣ በልብስ ስፌት ወይም በካሜራ የሚተዳደር ሰው ሰኔ ሲያልቅ ጭንቅ ይይዘዋል። ምሬቱም ተገቢ ነው። ደሞዝተኛው ግብሩ ተቆርጦ ያልቅለታል፤ የግል ሠራተኛው ግን ሒሳቡንም ወረቀቱንም ወረፋውንም ብቻውን ይችላል። ቢሆንም ከኪሳችን የሚወጣው ሁሉ ግብር አይደለም። ቅጣትና የጠፋ ወረቀት የሚበሉት ብዙ ነው።

ትልቁ ስህተት የቀን ገቢን አለመመዝገብ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት (ግብር ሰብሳቢው ነጋዴው በቀን ያገኛል ብሎ የሚገምተው) በብዙ ከተሞች ቁጣ የቀሰቀሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። ገማች የሚያየው የመጣበትን ቀን ነው። በጥምቀት ሰሞን ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎችን የቆጠረ ሰው፣ ያው ጀልባ ክረምቱን ታስሮ ዝናብ ሲመታው አያይም። ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይግዙ። ቀኑን፣ የገባውን፣ የወጣውን ይጻፉ። ሥራ ያልነበረበትን ቀንም «የለም» ብለው ይመዝግቡ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ደብተሩ ብቻውን ግምት አይሽርም፤ ግን ቅሬታ ሲያቀርቡ ባዶ እጅዎን አይሄዱም።

ቅሬታ ካነሳን አይቀር፣ ሻይ ቤት ማማረር ቅሬታ አይባልም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለጽሑፍ ቅሬታ የሚሰጠው ጊዜ የውሳኔ ማስታወቂያው ከደረሰዎት ጀምሮ 21 ቀን ነው። ወረቀቱ በእጅዎ የገባበትን ቀን እዚያው ላይ ይጻፉበት።

ሌላው በጣም የሚያሳዝነኝ፣ የራስን ገንዘብ መተው ነው። ለአንድ ሆቴል የ40,000 ብር ቪዲዮ ሠሩ እንበል። ሆቴሉ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ብሎ 3 በመቶ፣ ማለትም 1,200 ብር ይቆርጣል (በ2017ቱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ከ2 በመቶ ከፍ ብሏል)። ይህ ገንዘብ አስቀድሞ የተከፈለ ግብርዎ ነው፤ ከዓመቱ ግብር ላይ ይቀነስልዎታል። የተቆረጠበትን ደረሰኝ ካልያዙ ግን ምን ብለው ይጠይቃሉ? ክፍያውን ሲቀበሉ ደረሰኙንም አብረው ይቀበሉ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን (ቲን) መስጠትም አይርሱ፤ ቲን ከሌለ የሚቆረጠው ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

የሒሳብ መዝገብ የሚይዙ ከሆነ፣ በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ወጪ ሆኖ አይያዝልዎትም። ሰልፉ አሰልቺ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ደረሰኝ የሌለው ወጪ ገቢዎች ፊት ትርፍ መስሎ ይታያል።

«ደረጃ ሐ (ዝቅተኛ ገቢ ያለው ግብር ከፋይ) ነኝ» ብሎ በድሮው መቀመጥም አያዋጣም። በሐምሌ 2017 የጸደቀው አዋጅ ደረጃዎቹን ወደ ሀ እና ለ አውርዷቸዋል። የእርስዎ የቱ እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚያሳውቁም ክፍለ ከተማዎ ሄደው ይጠይቁ።

ገንዘብ የለኝም ብሎ ሳያሳውቁ መቅረት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። አለማሳወቅና አለመክፈል ለየብቻ ያስቀጣሉ። በጊዜው ያሳውቁ፤ ክፍያው በረጅም ጊዜ እንዲከፋፈልልዎ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል።

የመጨረሻው ሥራ ላቆሙ ነው። ጎብኚ ጠፍቶ ጀልባውን የሸጠ፣ ሱቁን የዘጋ ሰው ንግድ ፈቃዱን ካልመለሰ በመዝገብ ላይ አሁንም ነጋዴ ነው። ግብሩም ይቆጠርበታል። በሩን በዘጉ ሰሞን ገቢዎች ሄደው ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለብዎት የሚያሳይ ወረቀት) ያውጡ፣ ፈቃዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤት ይመልሱ፣ የተመለሰበትን ደብዳቤም ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ።